ምርጫውን ለሻጯ ተዪላት

ኦሱ ሰፈር መብራት ከጠፋ ሁለት ሰዓት አልፎታል። ከየሱቁ ደጃፍ የተደረደሩት ጀነሬተሮች እየተንተከተኩ መንገዱን ያናውጡታል። ሴናም ከመስታወት ጠረጴዛዋ ኋላ ቆማ የማሳያ ጆሮ ማዳመጫዎቹን በጨርቅ ትወለውላለች። ወልውላ የጨረሰችውን ረስታ መልሳ ትወለውለዋለች።

«አንቺ፣ የዕቃው ቆዳ ተላጠ እኮ!» አለች አብራት የምትሠራው ኮርኮይ። «መወልወል ያለበት እሱ ሳይሆን ያንቺ ልብ ነው።»

«ተይኝ፣ ኮርኮይ።»

«አልተውሽም። ሃያ አራት ቀን ሙሉ! እኔ ለሞተው አጎቴ እንኳን ይህን ያህል አላዘንኩም፤ ያውም ቤት አውርሶኝ።»

ሴናም ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ግን ከከንፈሯ አላለፈም። ቆጠራው ልክ ነበር። የዛሬ ሃያ አራት ቀን፣ እሁድ፣ ፍቅረኛዋ ኢቦ ኩዋንሳ እሷና አባቷ ወደሚኖሩበት አሻይማን ድረስ መጥቶ ከአባቷ ጋር ሊተዋወቅ ቀጠሮ ነበረው። አባቷ ጎሚስታ ናቸው፤ ጎማ ሲጠግኑ ነው ያሳደጓት። የዚያን ዕለት ጥፍራቸውን በነጭ ጋዝ አጥበው፣ ከሳጥን የማይወጣውን ባለ ጥለት የክት ልብሳቸውን፣ ኬንቴያቸውን ለብሰው፣ ከቀትር ጀምሮ በር በሩን ሲያዩ ዋሉ። የባሚያው ሾርባ ረጋ። ጎረቤት በመስኮት አጮለቀ። የኢቦ ስልክ ይጠራል፣ አይነሳም። ሲመሽ አባቷ ኬንቴውን ማጠፍ ጀመሩ፤ ሴናም የአባቷን እጅ እያየች ስልኳን አነሳችና ጻፈች፦ «አባቴን በጎረቤት ፊት አዋረድካቸው። ከዛሬ ጀምሮ አላውቅህም።»

መልስ አልመጣም። እሷም የልቧን ጥርጣሬ እንደ እውነት ተቀበለችው፦ የቀዘቀዘ ዓሣ በመኪና በመኪና የሚያከፋፍሉት ሀብታም እናቱ «እምቢ» ብለውታል፤ እሱም እሺ ብሏል። በቃ።

የሱቁ በር ተከፈተ።

የገቡት ሴት ገዘፍ ያሉ፣ ክንዳቸው ላይ ወርቅ የሚንኳኳባቸው ነበሩ፤ ዐይናቸው ግን እንቅልፍ ያጣ ሰው ዐይን ነበር። ሾፌራቸው መኪናው ዘንድ ቀረ።

«ስለ ማዳመጫ የምታውቀው ልጅ የቷ ናት?»

ኮርኮይ በአገጯ ሴናምን አመለከተች።

«ድምፅ የሚዘጋውን ነው የምፈልገው» አሉ ሴትዮዋ ቦርሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው። «ትልቁን። ውዱን። ቶሎ።»

«እሺ ማዳም። ለእርስዎ ነው?»

«ለልጄ።»

«ልጅዎ ምን ዓይነት ስልክ ነው የሚይዘው?»

«ስልኩ ምን አገባው? ማዳመጫ ማዳመጫ ነው።»

«አይደለም ማዳም። ማዳመጫ እንደ ጫማ ነው፤ እግሩ ሳይታወቅ ከተገዛ ውዱም ያቆስላል።»

ሴትዮዋ ቅንድባቸውን አነሱ። ከዚያ ከቦርሳቸው አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው በሁለት ጣት ወረወሩላት። «እንኪ። እሱም እንዳንቺው ነገረኛ ነው፤ ጽፎ ነው የሰጠኝ።»

ሴናም ወረቀቱን ዘረጋችው። በእርሳስ ነው የተጻፈው። መስመሮቹ ተንጋደዋል፤ ጨለማ ውስጥ የተጻፉ ይመስላሉ። «ስልክ፦ ሳምሰንግ። ላፕቶፕ፦ ዊንዶውስ። የቤት ኦርጋን፣ ትልቁ ቀዳዳ። መነጽር አደርጋለሁ። በግራ በኩል ተሰፍቷል፤ እንዳይጫነው። ምርጫውን ለሻጯ ተዪላት።»

እጅ ጽሑፉን ለማወቅ ሁለተኛውን መስመር ማንበብ አላስፈለጋትም። ዓመት ሙሉ ከቤተ ክርስቲያን መዝሙር ዝርዝር ጀርባ ላይ እየጻፈ በኪሷ የሚከትላት ጽሑፍ ነው። የኢቦ ነው።

«ምኑ ነው የተሰፋው፣ ማዳም?» ድምፅዋ ከሩቅ የሚመጣ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት።

«ጭንቅላቱ።» ሴትዮዋ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ሰው ሳይጠይቃቸው ሊያወሩት ሲፈልጉ የከረሙት ነገር እንደሆነ ያስታውቃል። «በቴማ አውራ ጎዳና ላይ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ገጨው። የዛሬ ሃያ አራት ቀን፣ በእሁድ። ሰባት ቀን ራሱን አላወቀም። እግዚአብሔር መለሰልኝ፤ ግን ልጄ ድምፅ መሸከም አቃተው። ማንኪያ ሳህን ሲነካ ይንቀጠቀጣል። የጎረቤት ጀነሬተር ሲነሳ ትራስ ነክሶ ያለቅሳል፤ የሠላሳ ዓመት ወንድ! ሐኪሙ ጨለማና ጸጥታ ነው ያዘዘለት። ስክሪን እንዳያይ ስልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

በእሁድ። ኢቦ ከሚኖርበት ከኢስት ሌጎን ወደ አሻይማን የሚወስደው ያ አውራ ጎዳና ነው። መጥቶ ነበር። አባቷ በር በሩን ሲያዩ፣ እሷ ስትረግመው፣ እሱ አስፋልት ላይ ተኝቶ ነበር።

«ያንን ስጪኝ» አሉ ሴትዮዋ ብርማውን ማዳመጫ በጣታቸው እያሳዩ። «የጓደኛዬ ልጅ ያደረገችው ነው።»

ሴናም እንባዋን ዋጠች። እጆቿ ብቻቸውን ሥራ ጀመሩ።

«ያ ለአይፎን ተብሎ የተሠራ ነው፣ ማዳም። ከልጅዎ ስልክ ጋርም ድምፅ ይሰጣል፤ ግን ማስተካከያዎቹ አብዛኞቹ ለአይፎን ብቻ ናቸው፤ ገንዘብዎ ግማሹ ሜዳ ላይ ይቀራል። ደግሞ ይያዙት። ከባድ ነው አይደል? የተሰፋ ራስ ላይ ይህ ቀኑን ሙሉ አይቀመጥም።» ከመደርደሪያው ጥቁሩን አወረደች። «ይሄኛው ቀላል ነው። ትራሱ ሰፊና ለስላሳ ስለሆነ የመነጽር እጀታ አይጨቁንም። ስልኩንና ላፕቶፑን አንድ ላይ ይይዛቸዋል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ እንደ አዲስ ማገናኘት የለበትም። ሽቦም አለው፤ ጫፉ ላይ ይቺን ማስፋፊያ ስንሰካበት ኦርጋኑ ውስጥ ይገባል። ሲሻለው ማንንም ሳይረብሽ ይጫወታል። ምንም ሙዚቃ ሳይከፍትም ጸጥታውን ብቻ መጠቀም ይችላል።»

ሴትዮዋ ጥቁሩን በመዳፋቸው መዘኑት። «ዋጋውስ?»

«ከብርማው ያንሳል።»

«ለምን ታዲያ ውዱን አትሸጪልኝም? ሻጭ አይደለሽ?»

«ልጅዎ ራስ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ማዳም።»

እናቲቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ትክ ብለው አዩት። «አንቺ ልጅ፣ ሥራሽን ታውቂያለሽ» አሉ ቀስ ብለው።

«አንድ ነገር ልንገርዎት፣ በኋላ ሸወደችኝ እንዳይሉ። የጀነሬተርና የኤሲ ድምፅ ይውጥልዎታል። የሰው ድምፅ ግን ሙሉ በሙሉ አያጠፋም፤ ያለዝበዋል እንጂ።»

«እሱስ ይሁን። እኔ ስጠራውም ይስማ።» ከዚያ ፊታቸው ጠቆረ። «ልጄን ለዚህ ያበቃችው አንዲት ሴት ናት፤ ታውቂያለሽ? የጎሚስታ ልጅ። ወደ እሷ ሲሄድ ነው የተገጨው። እሱ ደሙ ሳይደርቅ እሷ መልእክት ላከችለት። ስልኩ ሆስፒታል ውስጥ በእጄ ላይ በራ፤ በዐይኔ አነበብኩት። ‹ከዛሬ ጀምሮ አላውቅህም።› ስሟን እንኳን ሙሉውን አልጻፈውም፤ ‹ሰ› ብቻ ነው። ሰይጣንም በ‹ሰ› ነው የሚጀምረው!»

ሴናም የገዛ ቃሏን ከሌላ ሰው አፍ ሰማች። እንደ ጥፊ ፊቷ ላይ አረፈ። «እኔ ነኝ» ልትል ነበር። ግን አሁን ብትናገር ሴትዮዋ ቦርሳቸውን አንስተው እንደሚወጡ ታውቃለች፤ እሱም ዛሬ ከሰዓት ትራስ ይነክሳል። መጀመሪያ ሥራዋን ትጨርስ። ከዚያ ትናገራለች። ለራሷ ማለች።

«ስልኩን ይዘውታል? አገናኝቼልዎት እሱ አብርቶ ብቻ ያድርገው።»

ስልኩ ወጣ። እናቲቱ የመክፈቻ ቁጥሩን ከወረቀት ላይ እያዩ ነኩት፤ ለሴናም ሰጧትና መነጽራቸውን አጥልቀው አብረዋት ለማየት ጎንበስ አሉ። ሴናም ብሉቱዙን ከፈተች። ከዚህ በፊት ስልኩ የተገናኛቸው ዕቃዎች ስም ወርዶ ወርዶ ታየ።

ከሁሉም በላይ የራሷ ስም ነበር።

ባለፈው ዓመት የራሷን አሮጌ ማዳመጫ አውሳው ነበር። ለዕቃው ስሟን ሰጥታው እንደነበር አሁን ነው ትዝ ያላት። ልትሸፍነው አውራ ጣቷን ስክሪኑ ላይ ጣል አደረገች፤ ዘገየች።

«ሴ…ናም» ብለው አነበቡ እናቲቱ። ዐይናቸው ከስልኩ ተነሳ፤ የሴናም ደረት ላይ የተሰካችው የስም ካርድ ላይ ቆመ።

በዚያው ቅጽበት መብራት መጣ። መንገዱ ላይ ሕዝቡ «ሆ!» አለ። ጀነሬተሮቹ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ ማዳም።»

«ወረቀቱን እንዳየሽ አውቀሻል።»

«አውቄያለሁ።»

«እና ከፊቴ ቆመሽ ቀላል ነው፣ ለስላሳ ነው እያልሽ ታጫውቺኛለሽ?» ጠረጴዛውን መቱ፤ ወርቁ ተንኳኳ። «ልጄን አልጋ ላይ ጥለሽ!»

«ቀድሜ ብናገር ኖሮ ጥለውኝ ይሄዱ ነበር። እሱ ደግሞ ያለ ማዳመጫ ይውላል።» የሴናም እንባ አሁን ተለቀቀ፤ ድምፅዋ ግን አልተሰበረም። «ያን መልእክት ስጽፍ አባቴ የለበሱትን ልብስ ሳይሆን የጓጉለትን ቀን እያጠፉ ነበር። እንደተገጨ አላወቅሁም። ባውቅ በእግሬ እመጣ ነበር። ሃያ አራት ቀን፣ ማዳም! አንድ ሰው ጠፍቶ ነው የሚነግረኝ?»

«ጎሚስታ ቤት የምልከው ሰው የለኝም!»

«አባቴ የተቀደደ ነው የሚደፍኑት» አለች ሴናም። «በሰው ቁስል ላይ ሌላ ቀዳዳ ሲከፍቱ አላየኋቸውም።»

ማዳም ኩዋንሳ የጥቁሩን ማዳመጫ ካርቶን ከጠረጴዛው ላይ አፈፍ አድርገው፣ ለኮርኮይ ሂሳቡን በትነው ወጡ። በሩ ከኋላቸው ሲወዛወዝ ሴናም ባዶ እጇን አየችው። ባዶ አልነበረም። የኢቦ ስልክ እጇ ላይ ቀርቷል።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች ኮርኮይ በሹክሹክታ። «ሩጪ እንጂ!»

ልቧ ግን ከእግሯ ቀድሞ መንገድ ላይ ነበር፤ እሱን ያላየችበትን እያንዳንዱን ቀን እየቆጠረ ይመታል።

*

መኪናው ሩቅ አልሄደም። ዋኬ የሚባለውን ሩዝና አደንጓሬ ከምትሸጠው ሴት ፊት ለፊት፣ ትሮትሮ የሚባሉት ሚኒባሶች መንገዱን ዘግተው፣ ሾፌሩ ጥሩንባ እየነፋ ቆሟል። ሴናም የኋላውን መስኮት አንኳኳች። መስታወቱ ሲወርድ እናቲቱ እያለቀሱ ነበር፤ ትልቅ ሰው ማንም አያየኝም ብሎ እንደሚያለቅሰው፣ በአፍ በአፍንጫ።

«ስልኩን ረስተውታል።»

አልተቀበሏትም። ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ግቢ» አሉ በመጨረሻ። «ግቢ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ።»

ገባች። በሩ ሲዘጋ ማዳም ኩዋንሳ ቦርሳቸውን ከፈቱና አምስት የታጠፉ ወረቀቶች ጭኗ ላይ አኖሩ። ሁሉም በእርሳስ የተጻፉ ናቸው።

«‹አሻይማን፣ ጎሚስታው ቤት ላኪልኝ› እያለ ሰጠኝ። ሳልገልጣቸው ደብቄ፣ ልኬዋለሁ አልኩት።» ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «መልስ ሲያጣ ይረሳታል ብዬ ነው። ያን መልእክት ካየሁ በኋላ… እናት ነኝ። ትናንት ደግሞ ‹ቢያንስ ማዳመጫ ግዥልኝ፤ ግን ከኦሱ፣ ከዚያ ሱቅ ብቻ› አለኝ። በገዛ እግሬ ላከኝ እኮ፣ ይሄ ተንኮለኛ!»

ሴናም ከላይ ያለውን ገለጠችው። ፊደሎቹ በእንባዋ ውስጥ ዋኙ።

«ሴናሜ፣ መጥቼ ነበር። መታጠፊያው ድረስ መጥቼ ነበር። ለአባትሽ የያዝኩት የአረቄ ጠርሙስ ደረቴ ላይ ተሰበረ፤ ሲያነሱኝ ልብሴን አሽትተው ‹ሰካራም ነው› አሉ አሉ። አልሰከርኩም፤ ፈርቼ ነበር እንጂ። አባትሽ ምን ይሉኛል ብዬ ንግግሬን እያጠናሁ ነበር የምነዳው። አሁን ንግግሩ ጠፍቶብኛል። አንቺ ግን አልጠፋሽብኝም። መምጣት ካልፈለግሽ አልፈርድብሽም። ዝም ብለሽ ግን አትተይኝ፤ እዚህ ቤት የማልፈራው ብቸኛ ነገር ዝምታ ነበር፣ አሁን እሱም ያመኝ ጀምሯል።»

ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ከመኪናው ውጭ ጥሩንባው፣ ሻጩ፣ ሰባኪው ሁሉ ይጮኻል፤ እሷ የምትሰማው ግን አጠገቧ የተቀመጡትን እናት ሲቃ ብቻ ነበር። ልትጠላቸው ፈለገች። አንጀቷ እምቢ አላት።

*

የኢቦ ክፍል በቀትር ጨለማ ነው። ከአጥሩ ማዶ ቤት ይሠራል፤ የሲሚንቶ ማቀላቀያው ያለ ዕረፍት ያጓራል። ኢቦ ዐይኑ ላይ ጥቁር ጨርቅ አስሮ፣ በሁለት እጁ ጆሮውን ይዞ ጎኑን ተጋድሟል። ከስቷል። የተላጨው ጭንቅላቱ ላይ ስፌቱ እንደ ባቡር ሐዲድ ተጋድሟል።

«ማዳመጫው መጣ፣ ልጄ» አሉ እናቱ ከበሩ ላይ፣ በትንፋሽ።

ሴናም ጫማዋን አውልቃ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። እጆቹን አንድ በአንድ ከጆሮው ላይ አነሳች። ማዳመጫውን በደንብ ለጥጣ፣ በግራ በኩል ስፌቱን እንዳይነካ በሁለት ጣቷ ከፍ አድርጋ፣ አሳረፈችለት። ቁልፉን ተጫነች።

መጀመሪያ ግንባሩ ተፈታ። ከዚያ ትከሻው። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ወጣው፤ ሃያ አራት ቀን ሙሉ ያልተነፈሰው ትንፋሽ ይመስላል። እጁ በአየር ላይ ዳበሰ፤ የእጅ አንጓዋን አገኘው፤ ቆመ።

«እማዬ አይደለሽም» አለ።

በሌላ እጇ እጁን ሸፈነችው።

ኢቦ ጨርቁን ከዐይኑ ላይ ገፈፈው። ብርሃኑ ቢያመውም ዐይኑን አልጨፈነም። ተያዩ።

«መጣሽ።»

«ጠርተኸኝ የለ? ምርጫውን ለሻጯ ተዪላት ብለህ።»

«ደብዳቤዎቼስ ደረሱሽ?»

ሴናም ቀና ስትል የእናቲቱን ዐይን በጨለማው ውስጥ አየችው። ሁለት እጃቸው ሆዳቸው ላይ ተቆላልፏል። ለአንድ አፍታ እኚያ ሴት፣ ያ ሁሉ ሀብት፣ ያ ሁሉ ንቀት፣ በእሷ አንድ ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ቆመ። አባቷ በር በሩን ሲያዩ የዋሉበትን ቀን አሰበች። የሴትዮዋንም ሲቃ አሰበች።

«ዛሬ ደረሱኝ» አለች።

«ዛሬ?» ኢቦ በደካማ ከንፈሩ ሊስቅ ሞከረ። «ፖስታ ቤቱን ምን ነካው?»

ማቀላቀያው ከአጥሩ ማዶ ያጓራል። ከዚያ ማዳም ኩዋንሳ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገቡ።

«ፖስታ ቤቱ እኔ ነበርኩ፣ ልጄ።»

ኢቦ ወደ እናቱ ዞረ። ፈገግታው ቀስ ብሎ ጠፋ። የሴናምን አንጓ የያዘው እጁ ሲጠብቅ፣ ሲጠብቅ ተሰማት፤ የሚጮህ መሰላት፣ እናቱን «ውጪ» የሚል መሰላት። እናቲቱ አላመካኙም። ሴናም ስለላከችው መልእክትም ትንፍሽ አላሉም። ቆመው ጠበቁ፤ በዚያ ግዙፍ ቁመና ላይ እንደ ተማሪ ራሳቸውን ደፍተው።

ሴናም በነፃ እጇ አልጋው ሥር የነበረውን የፕላስቲክ ወንበር ሳበችና ወደ እናቲቱ ገፋችው።

«ይቀመጡ» አለች።

«ገና አልተቀበልኩሽም፣ እሺ» አሉ ማዳም ኩዋንሳ። ድምፃቸው ግን መሀል ላይ ተቆረጠ፤ ተቀመጡ።

ኢቦ ለእናቱ አንድ ቃል አልተናገረም። የሴናምንም እጅ አልለቀቀም። ይቅርታው ዛሬ ይምጣ፣ ከወር በኋላ ይምጣ፣ ሴናም አላወቀችም። ግንባሯን አልጋው ጠርዝ ላይ አሳረፈች። ደስታ ይሆናል ብላ ስትጠብቀው የኖረችው ነገር ፍርሃት ሆኖ መጣባት፤ የሚጥለው የሌለው ሰው ፍርሃት ሳይሆን፣ በእጁ የያዘውን እንዳይጥል የሚሳሳ ሰው ፍርሃት። ከዚያ ፍርሃት ውስጥም መውጣት አላማራትም።